የረሳኋት ሲ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የተጋበዝኩት «ስለ ማትስና ሳይንስ ኮርሶች ንገሪያቸው፣ ልጆቹ ፈርተዋል» ተብዬ ነው። ትክክለኛዋን ሰው ነው የጠሩት። አፕላይድ ዋን የሚባለውን የማትስ ኮርስ ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። ስለወደድኩት እንዳይመስላችሁ።

መጀመሪያ ጊዜ የድሮ ፈተናዎችን ከሲኒየሮች ሰብስቤ፣ አሠራሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤ ገባሁ። ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል እጄ ቆመ። ከሁሉም የምታናድደኝ ደግሞ ሲ ነበረች። ኢንቴግራል ሠርታችሁ ስትጨርሱ የምትደመረዋ፣ ዋጋዋ ገና ያልታወቀ ቋሚ ቁጥር። በረሳኋት ቁጥር ማርክ ይቀነሳል። የአስተማሪ ተንኮል ትመስለኝ ነበር።

ሲቪል ኢንጂነር ሆኜ ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንድ ቤት አሠሪ መጣ። በረንዳው 1 ሜትር ወጣ ያለ ነው፤ ከሥሩ ምሰሶ የለውም፣ ካንቲሊቨር ነው። «2 ሜትር አድርጉልኝ። ብረት ትንሽ ጨመር ማድረግ ነው እንጂ ምን ችግር አለው?» አለ። ቁጭ ብዬ አሰላሁ። በሜትር የሚያርፈው ጭነት ያው ሆኖ፣ ውፍረቱም ሳይነካ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን፣ ጫፉ የሚወርደው እጥፍ አይደለም። 16 እጥፍ ነው። ርዝመቱ ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ፓወር አራት ሆኖ ነዋ።

ቀመሩ ከየት መጣ? ከዚያው ከጠላሁት ኢንቴግራል። ሞመንቱን፣ ማለትም ጭነቱ በረንዳውን የሚያጎብጥበትን አቅም፣ ለበረንዳው አልጎብጥም ባይነት፣ ለኢአይ፣ ታካፍሉና ሁለት ጊዜ ኢንቴግሬት ታደርጋላችሁ። መጀመሪያ ስሎፑ፣ ማለትም ማዘንበሉ፣ ይመጣል፣ ቀጥሎ ስንት እንደሚወርድ። በየጊዜው አንዲት ሲ ብቅ ትላለች። ዋጋዋን የምታገኙት ግድግዳው ጋ ሄዳችሁ ነው፤ እዚያ ጋ በረንዳው አይወርድም፣ አያዘነብልም። ያን ቀን ገባኝ። ሲ ማለት ግድግዳው ነው። እሷን ከረሳሁ ሒሳቤ በረንዳው ከቤቱ ጋር መያያዙን እንኳ አያውቅም።

ፊዚክስ ላብ ላይም ጉድ ሠርተናል። አዲስ አበባ ውስጥ ፔንዱለም አወዛውዘን የምድርን ስበት፣ «ጂ»ን፣ ስንለካ 9.77 ወጣ። መጽሐፉ 9.81 ይላል። ሰዓቱን ነካ ነካ አድርገን 9.81 አስመጣን። (እናንተ መቼም እንዲህ አታደርጉም።) አስተማሪያችን ሪፖርቱን አይቶ ሳቀ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ሁለቱም ስበትን ያሳንሳሉ፤ እዚህ ጂ 9.77 ገደማ ነው። ትክክለኛውን መልስ ሰርዘን የሰው አገር ቁጥር አስገባን።

ኬሚስትሪን «ለሲቪል ምን ይሠራል?» የምትሉ አላችሁ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም፤ ከውሃ ጋር ስለተዋሃደ ነው። አዲስ ኮንክሪት ውሃ የሚጠጣው ለዚህ ነው። ይኸው ነው።

ግሬድ አያሳስባችሁ ልል አልመጣሁም። ዲፓርትመንት ስትመርጡ ውጤታችሁ ይታያል፣ አውቃለሁ። ግን ወርክሺት ስትሠሩ መልሱን ከጓደኛ ከመገልበጣችሁ በፊት «ይቺ ፊደል ምንድን ናት?» በሉ። ካልገባችሁ የአስተማሪያችሁን ቢሮ አንኳኩ። እኔ አንድ ሴሚስተር ሙሉ በበሩ አልፌያለሁ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው የገባሁት።

ያኔ ስንት አገኘሽ ለምትሉኝ፣ ሲ።

አመሰግናለሁ።