ለሐዘን የሚከፈት፣ ለጎማ የሚዘጋ ሣጥን

የተከበራችሁ የእድራችን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባላት፤ እንደምን ዋላችሁ።

ኮሚቴው በበረዶ ወቅት ስለ መኪና አነዳድ አሥራ አምስት ደቂቃ እንድናገር የጠየቀኝ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ከኤርፖርት ወደ ተራራዎቹ ከተሞች መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረው ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ በየዓመቱ ኦክቶበር በገባ ቁጥር ጎማ ጎማ እያልኩ ስለምጨቀጭቃችሁም፣ አንድ ጊዜ መድረክ ቢሰጠው ይወጣለታል ተብሎ ታስቦ ይሆናል። አይወጣልኝም፤ ምክንያቱንም ዛሬ በፊታችሁ እናገራለሁ።

በቃሉ ልጀምር። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ያለውን የብርድ ወቅት ክረምት እያልን እንጠራዋለን። ክረምት ግን በእኛ ጆሮ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጉምና ጭቃ፣ የበቆሎ ጥብስ ነው። ጭቃ ደግሞ የሚታይ ነገር ነው፤ ሹፌሩ ከሩቅ አይቶ ማርሽ ይቀንሳል። በረዶ ስንልም ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውን፣ እንደ ባዘቶ የሚረግፈውን፣ አስፋልት ላይ እንደ መስታወት የሚጋገረውን ሁሉ በአንድ ስም ነው የምንጠራው። ለጎማ ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም። ሰው የሚፈራው ነጩን ነው፤ የሚጥለው ግን መልክ የሌለው፣ መንገዱን ውኃ የነካው ብቻ አስመስሎ የሚያሳየው፣ እዚህ ጥቁር በረዶ የሚሉት ነው። እርሱም አስቀድሞ የሚገኘው ድልድይ ላይ ነው፤ ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። የገናን ቅዳሴ አስቀድሰን በሌሊት በነጠላችንና በስስ ጫማችን ወደ ቤት የምንነዳበት ሰዓት፣ መንገዱ ከምንጊዜውም የከፋበት ሰዓት መሆኑን አስቡት።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ የሚያሳፍረውንም ጨምሬ። አገር ቤት የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። በጣርማ በር ዋሻ አልፌ ደብረ ሲና ስወርድ፣ ጉሙ ከመብራቴ ፊት እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ መንገዱን በትዝታ የነዳሁባቸው ሌሊቶች አሉ። የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጥቻለሁ። ዳገት ላይ መኪናው ሲያቅተው ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ታኮ ይከት ነበር፤ እኔም ፍሬን ከመርገጥ በፊት በከባድ ማርሽ መውረድን የተማርኩት በዚያ መንገድ ነው። ስለዚህ ዴንቨር ስደርስ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ሲነዳ የኖረን ሰው ማን መንገድ ያስተምረዋል አልኩ። ከዴንቨር ወደ ተራራዎቹ ከተሞች የሚያሳልፈው የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ እንደሆነ ሲነገረኝ እንኳ፣ ከጣርማ በር በምን ይበልጣል ብዬ ሳቅሁ። የሚበልጠው በከፍታው ሳይሆን በአስፋልቱ ላይ በሚጋገረው ነገር መሆኑን የተረዳሁት በሁለተኛው የበረዶ ወቅቴ፣ ጃንዋሪ 2017 ላይ ነው።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ያገለገለ፣ ትልቅ መኪና ገዝቼ ነበር። ጎማው ስላለቀ ከአንድ ጎማ ቤት አራት ያገለገሉ ጎማዎች አስገባሁ። ሻጩ ጥቁር ቅባት ቀብቶ ስላብለጨለጫቸው እንደ አዲስ ነበሩ፤ ዋጋቸውም የአንድ አዲስ ጎማ ያህል ስለሆነ፣ ከሰው የበለጠ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ጭኜ ከዋሻው ማዶ ወዳለችው ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ ስጓዝ፣ ከዋሻው ወዲህ ያለችውን አይዳሆ ስፕሪንግስን እንዳለፍን በረዶው መርገፍ ጀመረ። ዳገቱን ስወጣ ትንንሽ መኪናዎች ጎማቸው በባዶ እየተሽከረከረ ዳር ሲቀሩ የእኔው ቀጥ ብሎ ይወጣል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። ለአባትየውም በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ እኔ የተራራ አገር ሰው ነኝ አልኩት።

የአይዘንሃወር ዋሻ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውስጡ ደረቅና ብሩህ በመሆኑ ፍጥነቴን ጨመርኩ። በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ግን ቁልቁለቱ ጠበቀን፤ ፍሬን የከዳው ከባድ መኪና እንዲገባበት ተብሎ ዳር ላይ የጠጠር ዳገት የተሠራለት ቁልቁለት ነው። ከፊቴ ቀይ መብራቶች በሩ። ፍሬን ረገጥኩ። ከእግሬ ሥር ፔዳሉ እንደ ታመመ ሰው ተንቀጠቀጠ፤ ያ መንቀጥቀጥ መኪናው ራሱ ጎማዎቹ እንዳይታሰሩ እየያዘና እየለቀቀ መሆኑን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ፍሬኑ የተሰበረ መስሎኝ እግሬን አነሳሁ። ከዚያ በኋላ መሪው አልታዘዝ አለኝ፤ ባዞረውም ባላዞረውም ያው። መኪናው ጎኑን ሰጥቶ እየተንሸራተተ ሄዶ ዳር የተከመረ በረዶ ውስጥ ተቀበረ። ትንሿ ልጅ "እንደገና እናድርገው!" ብላ አጨበጨበች። እናቷ ግን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ሲልቨርቶርን እስክንደርስም ዝም እንዳለች ነበረች። እስከ ዛሬ የሚሰማኝ ያ ዝምታ ነው።

የመጣው ፖሊስ ቅጣት ከመጻፉ በፊት ከኪሱ አንድ ባለ 25 ሳንቲም አወጣና በላዩ የተቀረጸውን የፕሬዚዳንት ዋሽንግተንን ጭንቅላት ወደ ታች ዘቅዝቆ በጎማዬ ጥርስ መካከል ከተተው። የጭንቅላቱ ጫፍ ወለል ብሎ ይታይ ነበር፤ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው። ከዚያም በባትሪ መብራቱ የጎማውን ጎን አሳየኝ፤ ከፊደሎቹ መጨረሻ በተጻፉት አራት ቁጥሮች 3107 ይላል። ጎማው በ2007 ዓመት በ31ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። በቅባት ያብረቀረቀው ጎማዬ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ያረጀ፣ ላስቲኩ እንደ ቀንድ የደረቀ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ያን ቀን እኔ ያልኩትን ዛሬም ትላላችሁና። "የእኔ መኪና በአራቱም ጎማ ነው የሚነዳው" ትሉኛላችሁ። ወገኖቼ፣ የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማ መድረሱ የሚጠቅመው ለመነሣትና ለመውጣት ነው። ፍሬን ግን የአምስት ሺህ ዶላሯም የሃምሳ ሺህ ዶላሩም መኪና እኩል አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው፤ የሚይዘው ጎማ ደግሞ መንገዱን ካልያዘ ምን ያደርጋል? እንዲያውም ዳገቱን ያለ ችግር የወጣ ሰው መንሸራተቱን ስላላየው ቁልቁለቱን በድፍረት ይወርዳል። መኪናውን መሬት ላይ የሚያስረው በአራት ቦታ የመዳፍ ያህል ላስቲክ ብቻ ነው። ተራው የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እየጠነከረ መያዝ ያቅተዋል፤ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በመካከሉ የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ጎማ ግን ለብርዱ ተብሎ ከሚለሰልስ ላስቲክ የተሠራ ነው። ነገሩ ያለው በላስቲኩ ነው።

ሕጉንም እወቁት። ወደ ተራራዎቹ በሚወስደን በአይ 70 አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ክፍል፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ የጎማ ጥርስ ከ3/16 ኢንች ማነስ የለበትም፤ ያም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እኔ በተቀጣሁበት ዓመት 1/8 ኢንች ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ጠብቋል። በሁለት ጎማ የሚነዳ መኪና የበረዶ ጎማ ወይም ለጭቃና ለበረዶ ተብሎ M+S የተጻፈበት ጎማ ካላደረገ ሰንሰለት ወይም ጎማ ላይ የሚለበስ ሽፋን መያዝ አለበት። ይህን አጉድሎ የተገኘ ከ100 ዶላር በላይ፣ መንገድ ከዘጋ ደግሞ ከ650 ዶላር በላይ ይቀጣል። ለበረዶ የሚሆን አራት ጎማ ከቅጣቱ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ። ባለፈው ዓመት ለዚህ ኮሚቴ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ። የጠየቅሁት ቀላል ነው፤ በታክሲና በኡበር፣ በዕቃ ማመላለስ የሚተዳደሩ አባሎቻችን ከእድሩ ሣጥን እስከ 800 ዶላር ያለ ወለድ ተበድረው ጎማ እንዲገዙ፣ ገንዘቡም በእጃቸው ሳይሰጥ በቀጥታ ለጎማ ቤቱ እንዲከፈል፣ በወር መቶ መቶ ዶላር እየመለሱም በስምንት ወር ዕዳቸውን እንዲጨርሱ። ሁለቱም ጊዜ የመጣልኝ መልስ አንድ ነበር፦ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት የእድሩ ገንዘብ ለሐዘን ብቻ ነው።

ለሐዘን ብቻ! በዚህ አዳራሽ ስልክ ተደውሎ አስከሬን ወደ አገር ቤት መሸኘት ሲያስፈልግ፣ ከእናንተ ወደ ኋላ የሚል አንድም ሰው አላየሁም። በሁለት ቀን ውስጥ የሚሰበሰበው ገንዘብ የብዙ መኪና ጎማ ይገዛል። ይህን የምለው ያዋጣችሁትን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም አዋጥቻለሁ፣ ድንኳንም ተክያለሁ። ግን ሣጥኑ የሚከፈተው ሰውየው ሣጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ የሆነው ስለምን ነው? በሌሊት በረዶ ላይ ሠርቶ የወር መዋጮውን አንድ ቀን ሳያጓድል ለሚከፍል ልጅ፣ በሕይወቱ ሳለ አራት ጎማ ማበደር ደንብ መጣስ፣ ሲሞት ግን ሬሳውን መሸኘት ደንብ ማክበር ነው?

ደንብ አይነካም የምትሉኝ፣ አገር ቤት ያሉትን እድሮች ጠይቁ። በኤችአይቪ ዘመን የቀብር ብዛት ሲያደክማቸው፣ ብዙዎቹ ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ማስታመም፣ ወላጅ ያጣ ሕፃን ማሳደግ ጀመሩ። እነርሱ ያደረጉትን እኛ ዶላር እየሰበሰብን ማድረግ እንዴት ያቅተናል?

የቀረውን ባጭሩ እላለሁ። ባትሪ በብርድ ጉልበቱን ስለሚያጣ፣ ከሦስት አራት ዓመት በላይ የሆነውን አስመርምሩ። የመስታወት ማጠቢያችሁ የማይረጋው ዓይነት ይሁን፤ በረዶ የጋገረበት መስታወት ላይ ሙቅ ውኃ አታፍሱ፣ ይሰነጠቃል። ጣራ ላይ የተከመረውን በረዶ ጥረጉ፤ ፍሬን ስትይዙ መስታወታችሁ ላይ ይናዳል። ከፊት ካለው መኪና የአምስት ስድስት ሰከንድ ርቀት ያዙ። ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥ እንደ እኔ እግራችሁን አታንሡ፤ ተጭናችሁ ቆዩ። በረዶ ውስጥ ተቀብራችሁ ሞተር ለማሞቅ ብትፈልጉ፣ አስቀድማችሁ ወርዳችሁ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ነጻ አድርጉ፤ ከተደፈነ በጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው መርዝ መኪናው ውስጥ ገብቶ በእንቅልፍ ይገድላል። ከኋላ አካፋ፣ የባትሪ ገመድ፣ ለጎማ የሚበተን አሸዋ ያዙ። እናቶች የላኩላችሁ ጋቢ ቁም ሣጥን ውስጥ ምን ያደርጋል? እርሱም ከአንድ ላስቲክ ቆሎ ጋር መኪና ውስጥ ይቀመጥ።

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣ የብድሩ ጉዳይ በዛሬው አጀንዳ ስላልተካተተ፣ "ልዩ ልዩ" በሚለው ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አነሣዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን በደብዳቤ ሳይሆን እጅ ወጥቶ እንዲቆጠር እጠይቃለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ባለ 25 ሳንቲሜን ይዤ እቆማለሁ፤ ጎማው እንዲታይለት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ። የእርስዎን መኪና በሩ አጠገብ ቆማ ስላየኋት፣ ከእርሷ እጀምራለሁ።

አመሰግናለሁ።