የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ጎዶሎ ዙርና ጎዶሎ መንገድ

ዛሬም ስለ ግራፍ ነው። ነጥቦች አሉ፣ ነጥቦችን የሚያገናኙ መስመሮች አሉ፤ ሌላ ነገር የለም። ነጥብ ሳይደግም በመስመሮቹ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሄደው መንገድ ነው፤ ተነስቶ እዚያው ሲመለስ ደግሞ ዙር ነው። ርዝመታቸው የመስመሮቻቸው ብዛት ነው። ጎዶሎ የምለው በትምህርት ቤት «ኢ-ተጋማሽ» የሚባለውን ነው። ስልክ ከማንሳቴ በፊት የዘወትር ልመናዬን ላስቀድም፦ መስመር ቁጠሩ፣ ነጥብ አትቁጠሩ።

አምስት ነጥብ ያለው መንገድ ርዝመቱ ጎዶሎ ነው አይደል?

አይደለም። አራት መስመር ነው ያለው። አሁን ምን ብዬ ነበር? ዙር ላይ የነጥቡና የመስመሩ ብዛት እኩል ስለሆነ ሰው እዚያ ይለምድና መንገድ ላይ ይሳሳታል።

በመስመር የተገናኙ ጎረቤታም ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም ሳይኖራቸው ግራፌን በሁለት ቀለም መቀባት ይቻል እንደሆነ በምን ልወቅ?

ከፈለግሽው ነጥብ ጀምሪ፣ ቀይ ቀቢው። ጎረቤቶቹን ሰማያዊ፣ የእነሱን ጎረቤቶች ቀይ፣ እንዲህ እያልሽ ቀጥዪ። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ቀለም ላይ ከተገናኙ ጎዶሎ ዙር አለ ማለት ነው፤ አበቃ። ካልተገናኙ ሁለት ቀለም በቅቷል፤ የግራፍሽ ነጥቦች በቀይና በሰማያዊ ለሁለት ቡድን ተከፍለዋል። ይህን ያረጋገጠልን የሃንጋሪው ዴኔሽ ኮኒግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ግራፍ ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው ሰውዬ። ግራፉ የተቆራረጠ ከሆነ በየቁራጩ እንደ አዲስ መጀመር አትርሺ።

ሦስት ማዕዘን ከሌለውስ? ሁለት ቀለም ይበቃዋል?

ኧረ በፍጹም! አምስት ማዕዘን ሳል፣ ሞክረው። የፒተርሰን ግራፍም 10 ነጥብና 15 መስመር አለው፤ ሦስት ማዕዘን የለውም፣ ሁለት ቀለም ግን አይበቃውም። ባለ 11 ነጥቡ የግሮች ግራፍ ደግሞ ያለ አንድ ሦስት ማዕዘን አራት ቀለም ይጠይቃል።

ከራሱ ወደ ራሱ የሚመለስ መስመር ያለው ነጥብስ?

ርዝመቱ አንድ ነው፣ አንድ ደግሞ ጎዶሎ ነው። ሁለት ቀለም ይቅርና መቶም አይበቃው።

ፕሮግራም እጽፋለሁ። ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ጎዶሎ መንገድ ለመፈለግ እያንዳንዱን ነጥብ «ጎዶሎ» እና «ተጋማሽ» ብዬ ሁለት ቅጂ አደረግሁት፤ አንዱ በጎዶሎ፣ ሌላው በተጋማሽ የመስመር ብዛት ሲደረስበት። ፕሮግራሙ «አለ» ይለኛል፣ በእጄ ስፈልግ ግን የለም።

መጣችልኝ! ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርህም። ፕሮግራምህ ያገኘው መንገድ አይደለም፣ ጉዞ ነው። ጉዞ ነጥብ መድገም ይችላል፤ መንገድ ግን አንድን ነጥብ ሁለቴ አይረግጥም።

እስክሪብቶ ያላችሁ ሁሉ ሳሉ። ሀ ከለ ጋር፣ ለ ከሐ ጋር ይገናኝ። ለ ላይ ደግሞ ሦስት ማዕዘን አንጠልጥሉ፦ ለ፣ መ፣ ሠ። ከሀ ወደ ሐ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በለ በኩል፣ ርዝመቱ ሁለት። የወንድማችን ፕሮግራም ግን ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሠ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ይሄዳል። መስመሮቹን ቁጠሩ (ነጥቦቹን አላልኩም!)፦ አምስት። ጎዶሎ ነው፣ ግን ለን ሁለቴ ረግጧል። ሁለቱ የለ ቅጂዎች የተለያዩ ስለሚመስሉት ፕሮግራሙ አይነቃም።

ሰው የሚሸወድበት ምክንያት ይገባኛል። ተነስቶ እዚያው የሚመለስ ጎዶሎ ጉዞ ሲሆን ውስጡ ምንጊዜም ጎዶሎ ዙር አለ፤ ስለዚህ ዙር ለመፈለግ ዘዴህ ይሠራል። ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ስትሄድ ግን ይህ ዋስትና የለም። የትኛውንም አንድ ነጥብ ብታወጣ የማይበጠስ ግራፍ ከሆነና ጎዶሎ ዙር ካለው፣ በማንኛውም ሁለት ነጥብ መካከል ጎዶሎም ተጋማሽም መንገድ ይኖራል። የእኛ ሥዕል ግን ለ ሲወጣ ይበጣጠሳል። በሉ፣ «መንገድ አገኘሁ» ከማለታችሁ በፊት፦ ነጥብ ደግማችኋል?

መስመሮቼ ቀስት ቢሆኑስ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬዱ?

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አቅጣጫ በሌለው ግራፍ ጎዶሎ መንገድ በፍጥነት መፈለጊያ ዘዴ አለ። በቀስት ግራፍ ግን ጥያቄው «ኤንፒ-ኮምፕሊት» ከሚባሉት ከባዶች ጎራ ነው፤ ለሁሉም ግራፍ በፍጥነት የሚመልስ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። ግራፉ ትልቅ ከሆነና ሥራሽ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ በስልክ አልመክርሽም፤ የአልጎሪዝም ባለሙያ ጋ ሂጂ፣ ሥዕሉንም ይዘሽ።