ሕመሜ ማታ፣ ቀጠሮዬ ጠዋት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። ትንሽ ልነጫነጭባችሁ ነው፣ ቻሉኝ።

ብዙዎቻችሁ "እሺ፣ አሁንስ ምን አሉሽ?" እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ምንም አላሉኝም። አሁንም ስም ያልወጣለት ሕመም ይዤ ነው የምኖረው። ጠዋት ስነሳ ደህና ነኝ፣ ያየኝ ሁሉ ታማለች አይልም። ከሰዓት በኋላ የግራ ዓይኔ ቆብ መውረድ ይጀምራል። ወደ ማታ ደግሞ ጸጉሬን አበጥሬ ሳልጨርስ ክንዴ ይዝላል፣ ስልክ ላይ ረዘም አድርጌ ካወራሁ ምላሴ ይተሳሰራል፣ የሚሰማኝ ሰው የጠጣሁ ይመስለዋል። ተኝቼ ስነሳ ምንም እንዳልነበረ።

እና ቀጠሮ የሚሰጡኝ መቼ ነው? ጠዋት።

ሐኪም ፊት የምቀርበው በቀኑ ምርጥ ሰዓቴ ላይ ነው ማለት ነው። እጄን ይይዙና "ግፊ" ይሉኛል፣ እገፋለሁ። "ጥሩ ጉልበት አለሽ።" አዎ፣ አለኝ! በዚህ ሰዓት አለኝ። ማታ ኑና እዩኝ ማለት አይቻልም መቼም።

ስለ ሕክምና መዘግየት ሲወራ ሰው ቶሎ የሚታየው ወረፋው ነው። መጠበቅ ያሰለቻል፣ እሱማ የታወቀ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው፤ መዘግየቱ ማስረጃውን ያጠፋዋል። ሕመምህ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ከወራት በኋላ የተቆረጠልህ ቀን ሕመሙ የሌለበት ቀን ሊሆን ይችላል። ይሄ የኔ ብቻ ጣጣ አይደለም። ፖርፊሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ። አንዱ ዓይነቱ ድንገት እየተነሳ ከባድ የሆድ ሕመም ያመጣል። ሽንቱ መመርመር ያለበት ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ነው፣ ናሙናው ብርሃን እንዳያገኘው ተሸፍኖ። ሰውየው ተሽሎት ከሰነበተ በኋላ ተራው ደርሶ ቢመረመር ምንም ላይገኝበት ይችላል። ሴሊያክም አለ፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚያስነሳው የአንጀት ሕመም። ቀጠሮ ሲጠብቅ የመረረው ሰው በራሱ ጊዜ ግሉተን ያቆማል፣ ይሻለዋል፣ ከዚያ ምርመራው ይደርስና "ነፃ ነህ" ይባላል፤ ምክንያቱም የደም ምርመራው በደንብ የሚያሳየው ግሉተን እየበላ ላለ ሰው ነው። ምን ያድርግ ታዲያ? እየታመመ ይጠብቅ?

"ነፃ ነሽ" ሲሉኝ ደስ እንዲለኝ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ሆዴ ነው የሚባባው። ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ማያስቴኒያ ግራቪስ ነው። የሰውነት መከላከያ ራሱ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን መልእክት የሚያውክበት ሕመም ነው፣ ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይደክማል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። ሲነግሩኝ "ይሄማ እኔ ነኝ" አልኩ። ደሜ ተመረመረ፣ ኔጌቲቭ ወጣ፣ "የለብሽም" ተባልኩ፣ አለቀ። ግን ሕመሙ መላ ሰውነታቸውን ከያዛቸው ሰዎች ውስጥ እንኳ ከ100 ወደ 15 የሚጠጉት በዚያ ዋና የደም ምርመራ አይገኝባቸውም። ይሁንብኝ አይሁንብኝ እኔ አልፈርድም፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን አንድ ምርመራ ኔጌቲቭ ወጣ ተብሎ ፋይል ይዘጋል እንዴ?

ደግሞ የሚገርመው፣ ለዚህ ሕመም ማሽን የማይፈልግ ፍተሻ አለ። በሽተኛው ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ ሳያወርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ያያል። ቆቡ ቀስ እያለ ከወረደ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የሚፈልገው ደቂቃ ብቻ ነው። የሌለው ደግሞ እሱው ደቂቃው ነው። በ1984 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ሐኪሞች በሽተኛው ምን እንደሆነ ማስረዳት ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ያቋርጡት ነበር። በ18 ሰከንድ እኔ "ጠዋት ደህና ነኝ" የሚለው ጋ ነኝ። "ግን ማታ..." ልል ስል ሌላ ጥያቄ መጣ።

ሐኪሞቹን ለመርገም አይደለም። ደጅ ላይ የተኮለኮለውን ሰው እኔም አየዋለሁ። አንዲት ዶክተር የምር ተቀምጠው ሰምተውኛል፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ለቀጣዩ የነርቭ ምርመራ የጻፉልኝም እሳቸው ናቸው።

ጭንቀት ነው የሚሉኝ ግን፣ እሱን ዝም ብዬ አላልፍም። ምንም ካላገኙ ጭንቀት ነው። እርግጥ ጭንቀት ሰውነትን ይጎዳል፣ እኔም እጨነቃለሁ፣ ማን አይጨነቅም? ግን የጨጓራ ቁስለትም ለብዙ ዘመን ጭንቀትና አሲድ ነው ሲባል ኖሯል። በ1982 ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ ቁስለቱን የሚያመጣ ባክቴሪያ አግኝተው ሲናገሩ ብዙ ሰው አላመናቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፣ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። እስከዚያ "አትጨነቅ" እየተባሉ የተሸኙትን ሰዎች አስቧቸው። ሐኪሙ እንኳ ለመታመን መታመም ነበረበት፣ እኛማ ታምመንም አልታመንንም።

እንደኔ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቅረጹት። ስልካችሁን አውጡና ሕመሙ ሲመጣ ቅረጹት፣ ሰዓቱም ይታይ። እኔ ዓይኔ ሲወርድ ማታ ማታ እቀርጻለሁ። እኚያ ዶክተር ቪዲዮውን ሁለቴ አይተው ነው "ቆይ እስኪ" ያሉት። የወራት ማስረዳት ያላደረገውን ያቺ አጭር ቪዲዮ አደረገችው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም መዋጥ ካቃታችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አሁን የነርቭ ምርመራውን እየጠበቅኩ ነው። ቀጠሮ የምትይዘውን ልጅ "እህቴ፣ ከሰዓት በኋላ አድርጊልኝ፣ የሚብሰኝ ያኔ ነው" ብዬ ለመንኳት። "ምርመራው ጠዋት ብቻ ነው" አለችኝ። እሺ አልኳት፣ ምን ላድርግ። አስቤበታለሁ፣ በጠዋት ሄጄ ፊደሉ ደቃቅ የሆነ መጽሐፍ ይዤ ወረፋው ላይ እቀመጣለሁ። እንደማውቀው ወረፋ ከሆነ፣ ስሜ እስኪጠራ ዓይኔ ደክሞ ይጠብቃቸዋል።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።