አሬራ፣ ሰናፍጭ እና የአባቴ ሰላጣ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የምቀዳው ከወጥ ቤቴ ነው። ከበስተጀርባ የሚሰማችሁ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው የሱሉልታ ዝናብ ነው፤ ያባራል ብዬ ብጠብቅም የሚያባራ አይመስልም። ጠረጴዛው ላይ አንድ የማር ብልቃጥ፣ ሦስት ሎሚ፣ ሙቀጫና ጥቂት ሰናፍጭ አለ። የማወራችሁ ስለ ሰላጣ ማጣፈጫ ነው። ሱቅ ውስጥ ድሬሲንግ ተብሎ በጠርሙስ ስለሚሸጠው፣ እኔም ለምን እሱን ትቼ በቤቴ መሥራት እንደጀመርሁ።

ነገሩ የመጣው በአባቴ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ የኖሩት ገጠር ሲሆን፣ ደም ግፊታቸው ሲያስቸግራቸው ባለፈው ዓመት ወደ እኔ መጡ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላቸውና «ጨው ይቀንሱ፣ አትክልት ያብዙ» አላቸው። ሽሮውንም ወጡንም ጨው ቀነስሁ። አትክልቱ ግን ቀላል አልነበረም። እሳቸው ቃሪያና ሽንኩርት የገባበት የቲማቲም ሰላጣ ይወዳሉ፤ ጥሬ ቅጠል በሳህን ሲቀርብላቸው ግን «ልጄ፣ ይህ የከብት አይደለም ወይ?» ይሉኛል። ልቤ አዘነ። አንድ ቀን ለጉዳይ አዲስ አበባ ስወርድ ከአንድ ትልቅ ሱቅ ነጭ፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ድሬሲንግ ገዛሁ። ወደዱት። በሳምንት አንድ ጠርሙስ እስከ መጨረስ ደረሱ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ምሳም እራትም ሰላጣ እየበሉ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል ስንሄድ ቁጥሩ አልወረደም። ግፊቱን የለካችው ነርስ ምን እንደሚመገቡ ጠየቀችኝ። «ሰላጣ ነው የሚያዘወትሩት» አልኋት፣ በኩራት። «በምን ይበሉታል?» አለችኝ።

በዚያ ምሽት ጠርሙሱን አምፖሉ ሥር ይዤ ጀርባውን አነበብሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ፊቱን እንጂ ጀርባውን አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ድርሻ 30 ግራም ነው ይላል፤ ይህም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። በዚያ ውስጥ 290 ሚሊግራም ሶዲየም፣ ማለትም ጨው ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ አለ። ሶዲየምን ወደ ጨው ለመቀየር በ2.5 ማባዛት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ድርሻ ከ0.7 ግራም በላይ ጨው ይይዛል። አባቴ ደግሞ በማንኪያ አይለኩም፣ ያፈሱታል። አራት ማንኪያ ቢሆን ነው በአንድ ሳህን። ምሳና እራት ሲደመር ወደ 3 ግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚመክረው፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከሽሮው በቁንጥር እየቀነስሁ በጠርሙስ ስመልስላቸው ነበር። ለጤናቸው ብዬ ያመጣሁት ነገር መሆኑ ነው በጣም ያመመኝ።

እርግጥ ግፊቱ ያልወረደው በዚያ ብቻ ነው ልላችሁ አልችልም፤ የመድኃኒቱን መጠንም በዚያው ሰሞን አስተካክለውላቸዋል። ቤታችሁ ውስጥ የደም ግፊት ታማሚ ካለ በምግብ ተማምናችሁ መድኃኒት እንዳታስተጓጉሉ አደራ እላችኋለሁ።

ያንን ጽሑፍ ማንበብ አንዴ ከጀመርሁ በኋላ አላቆምሁም። በጠርሙስ ላይ የሚጻፉት ግብዓቶች የሚደረደሩት በክብደታቸው ነው፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ። የእኔው ጠርሙስ የሶያ ዘይት ይላል፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ሦስተኛ ስኳር። ስኳሩ ከኮምጣጤው ይቀድማል! ከዚያ በኋላ የሚመጡት ረጃጅም ስሞች፣ ፖታሲየም ሶርቤት፣ ዛንታን ጋም የሚባሉት፣ መጀመሪያ አስፈርተውኝ ነበር። ሳጣራ ግን አንዱ ሻጋታ የሚከላከል፣ ሌላው ፈሳሹን አወፍሮ የሚይዝ ነው፤ በተፈቀደው መጠን የሚጎዱ አይደሉም። ስለዚህ «ኬሚካል ነው፣ መርዝ ነው» ብዬ አላስፈራራችሁም። የእኔ ጥያቄ ጨውና ስኳሩ ላይ ነው። ቀጥሎ «ከስብ ነፃ» የሚል ሌላ ጠርሙስ አንስቼ ሳይ ደግሞ ስኳሩ ጭራሽ ጨምሮ ስታርች ገብቶበታል። ስቡ ሲወጣ ወፍራምነቱንና ጣዕሙን የሚተካ ነገር ያስፈልጋላ።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው የእሳቸው መደምደሚያ አጭር ነበር፤ «እንግዲያው ዘይትም ይቅር፣ በባዶው ልብላው» አሉ። እዚህ ላይ ግን አልተስማማሁም። ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለው፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን የሚሟሟው በስብ ነው። ዘይት የሌለበት ሰላጣ ብንበላ አብዛኛው ሳንጠቀምበት ያልፋል። ጥቂት ዘይት ያስፈልጋል። ጥያቄው የትኛው ዘይት የሚለው ነው።

ሱሉልታ ለምትኖሩ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። የፓልም ዘይት፣ የሚረጋው የምንለው፣ እዚህ ከእንጦጦ ጀርባ ባለው ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ጠንክሮ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ላይ ካላወጣችሁት አይቀዳም። ያንን ዘይት ቀዝቃዛ ሰላጣ ላይ ስታደርጉት ቅጠሉ ላይ እንደ ሻማ ይረጋል፣ ምላስ ላይም ይቀራል። የሚረጋው ግማሽ ያህሉ የጠገበ ስብ ስለሆነ ነው፤ ልብና ደም ግፊት ላለበት ሰው እንዲቀንስ የሚመከረው ስብ ማለት ነው። እኔ የምጠቀመው የኑግ ዘይት ነው። ኑግ ሌላ አገር ሄደን የምንፈልገው እህል አይደለም፤ ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ አቢሲኒካ የሚል አለበት። በመስከረምና በጥቅምት ማሳውን ቢጫ የሚያለብሰው እሱ ነው። ከመጭመቂያ ቤት እገዛና ሁለት ቀን አስቀምጬ አተላው ሲዘቅጥ ከላይ እቀዳለሁ። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ አንዳንድ ሰው አይወደውም፤ ላልለመደው የሱፍ አበባ ዘይት ይሻላል። የወይራ ዘይት ያለው ሰው ደግሞ እሰየው፣ እኔ ግን ዋጋው አልተቻለኝም።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንምጣ። የፈረንጆቹ የቆየ ልክ ሦስት እጅ ዘይት ለአንድ እጅ ኮምጣጤ ነው። የእኛ ሎሚ ትንሽ ቢሆንም ጭማቂው ኃይለኛ ነው፤ እኔ ግን ኮምጠጥ ያለ ስለምወድ ሁለት ለአንድ አደርገዋለሁ። አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ክዳኑን ገጥማችሁ ስትንጡት ለአፍታ ይዋሐዳል፣ ከዚያ ዓይናችሁ እያየ ይለያያል፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ሰላጣው ላይ ስታፈሱት አንዱ ጉርሻ ዘይት ብቻ፣ ሌላው ሎሚ ብቻ ይሆናል። ጠርሙሱ ውስጥ ያ ሁሉ ማወፈሪያ የሚገባው ይህ እንዳይሆን ነው።

መፍትሔው እናቴ ቤት ነበር። ሰናፍጭ።

ሰናፍጩን ሙቀጫ ውስጥ ሳደቅ መጀመሪያ ምንም አይሸትም። ደርቆ ሲፈጭ ዝም ያለ ዱቄት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርጌ ሳሸው ግን ቀስ በቀስ ይነሳል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ውሃው ፍሬው ውስጥ ተለያይተው የኖሩ ሁለት ነገሮችን ያገናኛል፤ የሚያቃጥለው የሚወለደው ያኔ ነው። እናቴ «በሙቅ ውሃ እንዳታሺው፣ ይሞትብሻል» ትለኝ ነበር፣ ልክም ነበረች፤ ሙቀቱ ያንን የሚያነሳሳውን ኢንዛይም ይገድለዋል። ሎሚውንም ገና ከመጀመሪያው ከጨመራችሁ እንዲሁ ይዳከማል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀድማል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ሎሚው ይከተላል። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ከዚህ ሰናፍጭ ብልቃጡ ውስጥ ጨምራችሁ ናጡት። ዘይቱ በጥቃቅን ጠብታ ተበትኖ ይቀራል፣ መልኩ ይደፈርሳል፣ ይወፍራል። ቅጠሉንም ያለብሰዋል። ቅጠሉ ግን ደረቅ መሆን አለበት፤ በደንብ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ካልደረቀ ዘይቱ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይተኛል።

ጨው ለሙሉው ብልቃጥ ቁንጥር ብቻ ነው የማደርገው። ሰናፍጩ፣ ሎሚውና የታመሰ ጥቁር አዝሙድ የጨውን ቦታ ይሸፍኑታል። በርበሬ መጨመር የምትወዱ ግን አንድ ነገር አስቡ፦ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ በርበሬ ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ሚጥሚጣም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ይህን እስካስተውል ድረስ ጨው አስወጥቼ በርበሬ ሳስገባ ነበር። አሁን የደረቀውን የሚጥሚጣ ፍሬ ለብቻው፣ ያለ ጨው አደቅቃለሁ።

አባቴ የሚወዱት ነጩን ስለነበር እሱንም መተካት ነበረብኝ። ራንች የሚባለው ነጭ ድሬሲንግ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲታወቅ ከመሠረቶቹ አንዱ በተርሚልክ ነበር፤ ይህም በጥንቱ ትርጉሙ ቅቤ ከወጣለት ወተት የሚቀረው ፈሳሽ ነው። ይህን ሳውቅ ቆሜ ቀረሁ። አሬራ ነዋ! ሱሉልታ የወተት አገር ነው፤ ከሁለት ቤት በኋላ ያሉት እናት በየሳምንቱ ይንጣሉ። ኦሮምኛውም አሬራ ነው፤ ሄጄ ስጠይቃቸው መተርጎም እንኳ አላስፈለገኝም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኋቸው፣ ወተቱ አስቀድሞ እንዲፈላ። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስን የመሰለ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ አሬራውን ደግሞ እኔ እሳት ላይ አልጥደውም፣ ከጣድሁት አይብ ይሆንብኛል። እሳቸውም ወተቱን አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ በእርጎ እርሾ አርግተው ይንጡልኛል። ግማሽ ኩባያ አሬራ፣ ሁለት ማንኪያ እርጎ ለማወፈር፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ በደቃቁ የተከተፈ እንስላልና የሎሚ ጠብታ። ኮምጣጣነቱ የራሱ ስለሆነ ጨው አልጨምርበትም።

በጾም ቀን የሱፍ ውሃ አለ። ሱፉን ለስለስ አድርጎ ማመስ፣ መውቀጥ፣ ገለባውን ማንፈስ፣ ፈጭቶ በውሃ መበጥበጥና ማጥለል። ሱፍ ፍትፍት የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ ሎሚና ቃሪያ ስትጨምሩበት ነጭ ማጣፈጫ ይሆናል። የሱቁ ማዮኔዝ እንቁላል ስላለበት ለጿሚ አይሆንም፤ ይህ ግን ከእናቶቻችን የጾም ማዕድ የመጣ ነው።

ስሕተቴንም መናገር አለብኝ። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ መሥራት እንዳይኖርብኝ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ትልቅ ጠርሙስ ሞልቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁ። ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ያማረ ሽታ ነበረው። በኋላ ሳነብ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ያለ ቅዝቃዜ ሲቆይ አየር ስለማያገኝ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባበት እንደሚችል ተረዳሁ፤ መርዙ ደግሞ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደፋሁት። እባካችሁ፣ ነጭ ሽንኩርት የገባበትን ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ ከአራት ቀንም አታሳልፉት። እኔ አሁን ለሁለት ቀን የሚሆን ብቻ ነው የምሠራው። መብራት የሚጠፋባቸው ቀናት ላይ ደግሞ ለዕለቱ ብቻ። የጠርሙሱ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፣ ይቆያል፤ የቤቱ አይቆይም። ይህን አውቆ መጀመር ይሻላል።

ጊዜ ይፈጃል ለምትሉኝ፣ ሰናፍጩ እስኪነሳ ቅጠሉ ይታጠባል። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

ሰናፍጩን መውቀጥ አሁን የአባቴ ሥራ ሆኗል። ዘነዘናውን ይዘው በሩ ሥር ይቀመጣሉ፣ ሲያቃጥላቸው ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዞራሉ። ትናንት እራት ላይ ቀምሰው «ልጄ፣ ሎሚሽ በዝቷል፣ ሰናፍጩን ጨምሪው» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ በዝቷል። የዛሬውን ብልቃጥ በአንድ ማንኪያ ተኩል ሎሚ እሠራዋለሁ። ደኅና ሰንብቱልኝ።