ዘጠኝ ፊደል፣ ስድስት ቀለም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የአንደኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ተማሪ ሳለሁ፣ ዋርድ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ኃላፊዋ ሲስተር አንድ ዕቃ አንስተው «ይሄ ምን ይባላል?» አሉኝ። ስሙን ማታውን ሳጠናው ነው ያደርኩት። «እስፊግሞ…» ብዬ ጀመርኩና መሀል ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። «ቢፒ አፓራተስ!» ብዬ ተገላገልኩ። ታካሚው ሳይቀር ሳቀብኝ።

ቃሉ ስፊግሞማኖሚተር ነው፤ የደም ግፊት መለኪያው። እስቲ በፊደላችን ጻፉት፤ 9 ፊደል ነው። ከዚያ አናባቢ የሌላቸውን ሳድሶች አውጡ። ስ፣ ግ እና ር ወጡ። 6 ቀሩ። እንግሊዝኛውም 6 ሲላብል ነው፤ ስፊግ-ሞ-ማ-ኖ-ሚ-ተር። ሰዋስዋችን ቀለም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን እንደ «እስፖርት» ፊቱ ላይ «እ» ቀጥዬ 7 አድርጌው ነበር።

በትርጉም ስትከፍሉት ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚሰበረው። ስፊግሞስ በግሪክኛ የደም ሥር ትርታ ነው፤ ማኖሚተር የግፊት መለኪያ። ለማስታወስ እንዲህ ክፈሉት። ስትናገሩት ግን ድምፁ የሚጠነክረው «ኖ» ላይ ነው። ባዮሎጂም «ዮ» ላይ ይጠነክራል፤ በ«ሎጂ» የሚያልቁት ባብዛኛው እንዲሁ ናቸው። ይህ በጽሑፍ አይታይም። እኛም «አለ» ብለን ስንጽፍ ይጥበቅ ይላላ ፊደሉ አይናገርም፤ ጆሮ ነው የሚለየው።

አንድ ጥንድ ቃል ግን እስከ ዛሬ ያስፈራኛል፤ ሃይፖግላይሲሚያ እና ሃይፐርግላይሲሚያ። የመጀመሪያው የደም ስኳር ማነስ፣ ሁለተኛው የደም ስኳር መብዛት። ሁለቱም የሚጠነክሩት «ሲ» ላይ ነው። የሚለያዩበት «ፖ» እና «ፐር» ደከም ብሎ ስለሚነገር፣ ስልክ ላይ ወይም ጫጫታ ባለበት ዋርድ ይዋጣል። ስለዚህ ለተረኛ ሳስረክብ ቁጥሩን አብሬ እናገራለሁ፤ «ሃይፖ ነው፣ ስኳሩ 48»። ስሙን አጣርቶ የሚጠራውም ቢሆን ቁጥሩን ይጨምር።

በሉ እስክሪብቶ አውጡ። ኤሌክትሮካርዲዮግራም፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባ፤ 12 ፊደል ነው። ሳድሶቹን አውጡና ቁጠሩ። ድምፁ «ካር» ላይ ይጠንክር። ስንት ቀረ? ከኋላ ያላችሁ፣ ጮክ በሉ!