የገና ዋዜማ በበረዶ ላይ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ የሴቶች አይስ ሆኪ ቡድን ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። ቡድኑ የዚሁ የሴንት ፖል ነው። አሁን ሚኒሶታ ፍሮስት ይባላል። እኔ የማወራው ግን ስም እንኳ ሳይወጣለት፣ ማሊያው ላይ «ሚኒሶታ» ብቻ ተጽፎ ስለተጫወተበት የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. 2024።

በቅድሚያ ስለ ገና ጨዋታ ላንሳ። አገር ቤት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ቆልማማው ዱላ፣ ሩሯ፣ ሁለቱ ጎራ፣ አቧራው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ድፍን መንደር ይወጣ ነበር። ዱላው ግን የወንዶቹ ነበር። እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እናያለን። «አትጫወቺ» ብሎ የከለከለኝ ሰው የለም። ዱላ ያቀበለኝም የለም።

ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላት ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ሴት ልጆች ሆኪ እንዲሞክሩ የሚጋብዝ ነው። አነበብኩትና «ይሄ የኛ አይደለም» አልኳት። ዝም አለች። ወረቀቱን ግን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ እዚያው ከረመ። ያን ቃሌን ሳስብ እስካሁን ሆዴን ይበላኛል። እኔን ዳር ያቆመኝን ነገር በራሴ አፍ ለልጄ ደገምኩላት።

ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ትኬት ሰጠችኝ። ቀኑ ጃንዋሪ 6 ነበር። ቅዳሜ፣ የገና ዋዜማ! ቤቴ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ተከትፎ ይጠብቀኛል። ማታ ቤተ ክርስቲያን አለብኝ። ልጄ ግን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ሄድን።

መሃል ከተማ፣ ያኔ ኤክሴል ኢነርጂ ሴንተር ይባል የነበረው አዳራሽ ስንገባ 13,316 ሰው ተቀምጦ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የትኛውም የሴቶች ፕሮፌሽናል የሆኪ ግጥሚያ ያን ያህል ተመልካች አግኝቶ አያውቅም። ሚኒሶታ ሞንትሪያልን 3 ለ 0 አሸነፈች። ሦስቱንም ጎል ያገባችው ግሬስ ዙምዊንክል ናት፤ የዚህች አገር ልጅ። በአዲሱ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሆኪ ሊግ የመጀመሪያው ሐትሪክ ሆኖ ተመዘገበ። ልጄ ወንበሯ ላይ ቆማ ነበር። እኔ ደግሞ ዱላውን አየሁት። ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። ያው የኛው ገና ነው እኮ! ሩሯ ጠፍጣፋ ሆና፣ አቧራው በረዶ ሆኖ ነው እንጂ።

ጨዋታውን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። በአንድ ወገን አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ነው። ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይጫወታሉ። ሩጫው ከባድ ስለሆነ አንዷ ተጫዋች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትሞላ ትወጣለች፤ ሌላዋ ጨዋታው ሳይቆም ዘላ ትገባለች። ብቻዋን የምታሸንፍ የለችም። በጥሎ ማለፉ እኩል ከሆኑ አንዱ ጎል እስኪያገባ ድረስ ይቀጥላሉ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሊጉ ስድስት ቡድን ነበረው። እያንዳንዱ 24 ጨዋታ አለው። ቡድኖቹ ተጫዋች ሲመርጡ ሚኒሶታ ከሁሉም ቀድማ የመረጠቻት ቴይለር ሃይሲ ከዚሁ ከሚኒሶታ፣ ከሌክ ሲቲ የወጣች ልጅ ናት። የቡድኑ አምበል ኬንዳል ኮይን ስኮፊልድ ከወለደች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። አራስ ቤት የተኛችሁ እናቶች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ደመወዝም ነበራቸው። በሊጉ ስምምነት በዚያ ዓመት ዝቅተኛው 35,000 ዶላር ነበር። ብዙ አይደለም። ግን ከእነሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ቀን ሌላ ሥራ ሠርተው ማታ ነበር የሚለማመዱት።

አንዷን ግን ለይቼ ላንሳት። ሶፊ ዣክ ትባላለች። ከቶሮንቶ የመጣች ጥቁር ተከላካይ ናት። የአሜሪካ ኮሌጆች ምርጥ የሴት ሆኪ ተጫዋች የምትሸለመውን ሽልማት በ2023 ስትወስድ፣ በዚያ ሽልማት ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ነበረች። ቦስተን መርጧት ነበር። በወርኃ ፌብሩዋሪ ግን ለሚኒሶታ አሳልፎ ሰጣት። ልጄ መጀመሪያ ያየቻት ቀን «እማዬ፣ ፀጉሯ እንደኔ ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እንግዲህ ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ደህና ሲጫወት ቆይቶ መጨረሻ ላይ ወደቀ። የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈ። ወደ ጥሎ ማለፉ የሚያልፉት አራት ብቻ ናቸው። እጣችን በሌሎች እጅ ገባ። የቀረው ግጥሚያ የቶሮንቶና የኦታዋ ነበር፣ ሜይ 5። በእኛ ፋሲካ ነው። ዘመድ ቤታችን ተሰብስቦ እየፈሰክን፣ ልጄ ጥግ ይዛ በዩቲዩብ ትከታተላለች። ድንገት ጮኸች። ኦታዋ ተሸነፈ። አራተኛ ሆነን አለፍን።

በሊጉ ደንብ አንደኛ የወጣው ቡድን ከሦስተኛውና ከአራተኛው ተጋጣሚውን ይመርጣል። ቶሮንቶ እኛን መረጠ። አምስት ጊዜ ተከታትሎ የተሸነፈን ቡድን ማን አይመርጥም? ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ወደ ፍጻሜው ያልፋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታ 4 ለ 0 እና 2 ለ 0 አሸነፉን። አንድ ከደገሙ አበቃልን። ሦስተኛውን 2 ለ 0 አሸነፍን። አራተኛው ሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት ገብቶ 1 ለ 0 በኛ አለቀ። አምስተኛውን እዚያው ቶሮንቶ ሄደው 4 ለ 1።

ፍጻሜው ከቦስተን ጋር ነበር። ሦስት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል። ሁለት ለአንድ እየመራን፣ ሜይ 26፣ አራተኛው ጨዋታ እዚህ ሴንት ፖል ሆነ። እኔና ልጄ አዳራሹ ውስጥ ነበርን። 0 ለ 0 አለቀ። አንደኛው ጭማሪ ሰዓት አለቀ። በሁለተኛው ሶፊ ዣክ መታች፣ ገባ። ሴቶቹ ዱላቸውን ወረወሩ፣ ተቃቀፉ። ሕዝቡ አብሮ አለቀሰ። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ ዳኞቹ ምስሉን ደጋግመው አዩ። የሚኒሶታ ተጫዋች የቦስተኗን በረኛ አደናቅፋለች ብለው ጎሉን ሻሩት። ተጫዋቾቹ ከበረዶው ላይ ዱላቸውን ለቅመው እንደገና መቆም ነበረባቸው። ብዙም ሳይቆይ የቦስተኗ አሊና ሙለር አገባችብን። ያ ሁሉ ደስታ ባዶ ሆነ። መኪና ውስጥ ልጄ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም የምላት አጣሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሜይ 29፣ የመጨረሻው ጨዋታ ማሳቹሴትስ፣ ሎዌል ከተማ ውስጥ ነው። የሰው ሜዳ፣ የሰው ደጋፊ። የመጀመሪያውን ጎል ሊዝ ሼፐርስ አገባች። ሚኬላ ካቫ ደገመች። ቦስተን አጥቂ ለመጨመር በረኛዋን ስታስወጣ፣ ባዶ በር ላይ ሦስተኛውን አምበላችን ጨመረች። በረኛችን ኒኮል ሄንስሊ አንድም ሳታስገባ ጨረሰች። 3 ለ 0። የመጀመሪያው የዋልተር ዋንጫ የሚኒሶታ ሆነ። ሶፊ ዣክ ጎሏ በተሻረ በሦስተኛው ቀን፣ አሳልፎ በሰጣት ቡድን ሜዳ ላይ ዋንጫውን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘች። ልጄ ቴሌቪዥኑን በጣቷ ነካችው።

በ2025ም ደገሙት። ዋንጫውን ያመጣችው ጎል አሁንም የሊዝ ሼፐርስ ነበረች።

ይሄን ሁሉ የምነግራችሁ ከመካከላችሁ እንደኔ «የኛ አይደለም» ያለ ወላጅ እንዳለ ስለማውቅ ነው። አልፈርድም። ብርዱ አለ። ወጪው አለ፤ መሣሪያው ውድ ነው። ጉዳትም ያሰጋል። ግን ይህ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1994 የሴቶች ሆኪን ከአሜሪካ ሁሉ ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት አድርጎታል። ግብር የምንከፍልበት አገር ነው። ልጆቻችን እዚህ ተወልደዋል። በረዶው ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ደጃችን ላይ አለ፣ በየመናፈሻው፣ በነጻ። ለጀማሪ ልጆች መሣሪያ የሚያውሱ የሰፈር ማኅበራትም አሉ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ እኔም ጠይቄ ነው ያገኘሁት።

ልጄ አሁን ተከላካይ ናት። ፍሪጁ ላይ የነበረውን ወረቀት አጣጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከዚህ አዳራሽ በር ተነስተን ወደ በረዶ መንሸራተቻው አብረን እንሄዳለን። መኪና የሌላችሁ ንገሩኝ፣ ቦታ አለኝ። ለልጆቹ ወፍራም ካልሲና ጓንት ያዙላቸው። የመንሸራተቻ ጫማውን እዚያው ይከራያሉ። እናቶችም ጫማ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኔ ባለፈው ክረምት ነው የጀመርኩት።

አመሰግናለሁ።