ለቲዩቡ ስም ሳይሆን ለብረቱ ክፈሉ

እንደምን አመሻችሁ!

ሸክላ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቲዩብ አምፕሊፋየር፣ ማለትም በትራንዚስተር ፈንታ በሚግሉ የመስታወት ቲዩቦች ድምፅ የሚያጎላ ማሽን፣ ያምረዋል። እናንተም እንደዚያው መሆናችሁን አውቃለሁ፤ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው። «ስፒከሬ አስቸጋሪ ነው፣ ኪሴም ሳሳ ብሏል፤ የትኛውን ልግዛ?» ብዙዎቻችሁ ግን ስትጠይቁኝ ልባችሁ 300ቢ ላይ ወድቆ አልቋል። በአሜሪካ በ1930ዎቹ ለሲኒማ ቤቶች ድምፅ ያገለገለች ዝነኛ ቲዩብ ናት። ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ለአስቸጋሪ ስፒከር ግን እርሷት። ገንዘባችሁን ለቲዩቡ ስም ሳይሆን ቲዩቡን ከስፒከሩ ጋር ለሚያገናኘው ትራንስፎርመር ብረት ክፈሉ።

«አስቸጋሪ» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። አንደኛው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ ስንት ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያወጣል? ሁለተኛው ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ስፒከሩ ለከረንት የሚያሳየው በኦም የሚለካ ተቃውሞ ነው፤ ኦሙ እስከ ስንት ይወርዳል? ኦሙ በወረደ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ብዙ ከረንት መግፋት አለበት።

የመጀመሪያው ተራ ሂሳብ ነው። ድምፁ በ3 ዲሲቤል እንዲጨምር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት። በ10 ዲሲቤል እንዲጨምር ደግሞ አሥር እጥፍ። አንዲት 300ቢ ለብቻዋ ስትሠራ 8 ዋት ገደማ ትሰጣለች። 90 ዲሲቤል ስፒከር ላይ ይቺው 8 ዋት 1 ሜትር ላይ 99 ዲሲቤል ትደርሳለች። ለሳሎን አያንስም። ስፒከሩ 83 ዲሲቤል ከሆነ ግን እዚያው ለመድረስ 40 ዋት ይፈልጋል። ከበሮው ጠንከር ሲል 8 ዋቷ ትንፋሿ ያጥራል።

እዚህ ላይ የስፒከሩን መግለጫ ወረቀት በጥንቃቄ አንብቡ። ብዙ ፋብሪካዎች የሚለኩት በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ነው። 8 ኦም ላይ ያ በትክክል 1 ዋት ነው። 4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ባለ 4 ኦም ስፒከር «86» ተብሎ ቢጻፍበት፣ በዋት ሲታሰብ 83 ነው። ማንም አልዋሸም፤ ግን ማንም አልነገራችሁም።

ሁለተኛው፣ የኦሙ ጉዳይ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ሦስት ስፒከር ላንሳ። ቢቢሲ በ1970ዎቹ ለስርጭት መኪኖቹ ያሠራው ትንሹ ኤልኤስ3/5ኤ 83 ዲሲቤል ገደማ ነው፤ ሰነፍ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሞዴል 15 ኦም ስለሆነ ቲዩብ ይወደዋል። የማግኔፓን ጠፍጣፋ ስፒከሮችም ብዙ ዋት ይበላሉ፤ ኦማቸው ግን 4 አካባቢ ረጋ ብሎ ይቆያል፣ አይዘልም። አፖጂ ሲንቲላ ደግሞ እስከ 1 ኦም ይወርዳል። በአነስተኛ በጀት ለእሱ ቲዩብ መፈለግ ድካም ነው።

የባሰው ኦሙ የሚዘል ስፒከር ነው። ላዩ ላይ «8 ኦም» ተጽፎበት አንድ ቦታ 3፣ ሌላ ቦታ 20 የሚሆን ሞልቷል። ቲዩብ አምፕሊፋየር ደግሞ የራሱ የውስጥ ኦም አለው። ያ 2 ኦም ቢሆን፣ በ3 ኦምና በ20 ኦም መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ከ3 ዲሲቤል በላይ ይሆናል። አምፕሊፋየሩ ሳያስፈቅዳችሁ የድምፁን ቅርጽ ቀየረው ማለት ነው። የውስጡ ኦም ከ2 ወደ 0.5 ሲወርድ ልዩነቱ 1 ዲሲቤል ገደማ ብቻ ይሆናል። ይህን የሚያወርደው ኔጌቲቭ ፊድባክ ነው፤ ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱን ወደ መግቢያው መልሶ ስህተቱን የሚያርም ዘዴ ነው። «ፊድባክ ድምፅ ይገድላል» የሚሉ አሉ። ከመጠን ሲያልፍ ልክ ናቸው። እንዲህ ላለ ስፒከር ግን ፊድባክ የሌለው አምፕሊፋየር እኔ አልመክርም።

ታዲያ ምን ይገዛ? ፑሽ ፑል የሆነ (ሁለት ቲዩብ ሥራውን ተከፋፍሎ የሚሠራበት)፣ በየቻናሉ ጥንድ ኢኤል34 ወይም ኬቲ88 ቲዩብ ያለው፣ ከ35 እስከ 50 ዋት የሚሰጥ፣ 4 ኦም መውጫ ያለው። ሲገዙ አንሡት። የሚከብደው ትራንስፎርመሩ ነው፤ ባሱን የሚይዘውም እሱ ነው። ቲዩብ ነገ ይቀየራል፤ የደከመ ትራንስፎርመር መቀየር ግን አምፕሊፋየሩን እንደገና እንደ መግዛት ነው። የቲዩቡን አሠራር የሚቀይር «ትሪዮድ» የሚል ማብሪያ ካለው ደግሞ ያ ዋቱን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ እወቁ።

ያገለገለ ለሚፈልግ፣ ዳይናኮ ስቴሪዮ 70 የተባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር አለላችሁ። በ1959 ወጣ፤ በየቻናሉ 35 ዋት፣ በአራት ኢኤል34። ሰው ራሱ እንዲገጣጥመው በኪት ስለተሸጠ አሜሪካ ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ መለዋወጫውም አልጠፋም። ያልታደሰ ካገኛችሁ ካፓሲተሮቹን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ክፍሎች) ለመቀየር ገንዘብ ያዙ፤ እድሜያቸው ከብዙዎቻችን ይበልጣል። ራሳችሁ ከመክፈታችሁ በፊት ግን አስቡበት። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስፒከር ሳይሰካ ማስጮኽም አይሆንም፣ ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል።

አገር ቤት ልውሰደው የምትሉ፣ እዚያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ይበልጥ ይሞቃል፣ የስቴሪዮ 70 ደግሞ ድሮም ሞቃት ነው። ለሁለቱም የተሠራ ፈልጉ።

ስፒከራችሁ ከ3 ኦም በታች ብዙ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ስፒከሩን የሚገፋ ያገለገለ ጠንካራ ትራንዚስተር ፓወር አምፕ ግዙና ቲዩቡን ከእሱ በፊት በሚገባው ፕሪአምፕ ላይ አድርጉት። ርካሽ ነው፣ ሸክላውም በደንብ ይሰማል።

አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ። ስትጠይቁኝ የስፒከሩን ስም ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛ ኦሙንም ንገሩኝ።